ጣሊያን ያልሠራው ፎቅ

ሰኞ፣ የካቲት 6

ከሁሉ በፊት ይህ ይታወቅ። መንገዱ መገንጠያ ላይ ያለውን ፎቅ ጣሊያን አልሠራውም። ጣሊያን ሠራው ብሎ የጻፈው ሰው እኔ ነኝ።

ይህችን ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ብዕር አንስቼ አስቀመጥኩ። አሁን ተጽፋለች። ወደ ዝርዝሩ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ እትዬ ያልጋነሽ የቤቴን በር በቡጢ መቱት። የሆቴሉ ባለቤት ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ባላቸው አቶ ካሳሁን ከሞቱ ጀምሮ ቤቱን ብቻቸውን ይዘውታል። በወረታ ሌላ ፎቅ ባልነበረበት ዘመን ሰው ሆቴሉን "ፎቁ" አለው፤ ዛሬ ከእሱ የሚበልጡ ተሠርተውም ስሙን የነጠቀው የለም። ይግቡ ብላቸው አልገቡም። ደጃፌ ላይ እንደቆሙ፦

"መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እኔ የጣሊያን ሚስት ነበርኩ እንዴ?" አሉኝ።

"እንዴት ማለት እትዬ?"

"ቤቱን የሠራው ጣሊያን ከሆነ ካሳሁን ጣሊያን ነበራ! ይህን ሁሉ ዓመት አብሬው ስኖር ሳልነቃበት!"

ነገሩ ይህ ነው። ነባር ይዞታዎች እንደ አዲስ እየተመዘገቡ ነው። ካርታ የሌለው ሰው ቤቱ የማን እንደሆነ ለአጣሪ ኮሚቴ ያስረዳል። የእትዬ ያልጋነሽን ወረቀት ምስጥ ከበላው ቆይቷል። ሦስት ሽማግሌ አቁመው ነበር፤ ሽማግሌዎቹም ቤቱን ያሠሩት አቶ ካሳሁን ናቸው ብለው መሰከሩ። ነገሩ አለቀ ሲባል ከመዝገብ ቤት አንድ ጽሑፍ ወጣ። ደርግ በወደቀ ሰሞን፣ የአካባቢውን የቆዩ ቦታዎች ዘርዝሩ ተብለን ሦስት መምህራን ያዘጋጀነው ነው። ገጽ አራት ላይ፣ በእኔ እጅ ጽሑፍ፣ እንዲህ ይላል፦ በከተማችን የሚገኘው ባለ ፎቅ ሆቴል የጣሊያን ሥራ ሲሆን ጠላት ሲባረር ጥሎት የሄደ ነው።

ጠላት ጥሎት የሄደ ቤት የመንግሥት ነው። ስለዚህ እትዬ ያልጋነሽ ባለቤት መሆናቸው ቀርቶ ተከራይ ይሆናሉ። ቤቱ አርጅቷል ይባላል፣ ይፈርሳል፣ ቦታው ለጨረታ ይወጣል። ኮሚቴው የሚወስነው ዓርብ ነው። የሽማግሌ አፍ ከጽሑፍ ጋር አይወዳደርም፤ ያውም ሦስት መምህራን ከፈረሙበት ጽሑፍ ጋር።

ያን ዓረፍተ ነገር ማንን ጠይቄ ጻፍኩት? እስከ ማምሻው ሳስታውስ ቆየሁ። ማንንም አልጠየቅኩም። ሁሉም ስለሚለው ጻፍኩት። በእኛ አገር ድንጋዩ ቀጥ ያለ፣ መስኮቱ ቅስት ያለው፣ ሳይፈርስ የቆየ ቤት ሁሉ ጣሊያን የሠራው ነው። የእኛ እጅ የሚፈርሰውን ብቻ የሚሠራ ይመስል።

ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር፣ አሠራሩን ሳያሳይ መልስ ብቻ ለሚጽፍ ተማሪ ዜሮ እሰጥ ነበር። የዛሬው ዜሮ የእኔ ነው።

እስከ ዓርብ የሚሠራ፦
1. የጻፍኩት ስህተት መሆኑን ማሳወቅ።
2. ስህተት መሆኑን ማስረዳት። (ከ1 ይለያል። ይከብዳልም።)
3. ለመምህር ፈንታ መደወል። አብሮኝ ፈርሟል። ሦስተኛው ፈራሚ አርፏል፣ ነፍሱን ይማር።
4. እትዬ ያልጋነሽን ይቅርታ መጠየቅ። ዛሬ አፌ እምቢ አለኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 7

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሜትር፣ ደብተርና ሁለት እርሳስ ይዤ ፎቁ ደረስኩ። ይቅርታውን አስቀደምኩ። እትዬ ያልጋነሽ መልስ ሳይሰጡ እጄን አዩ።

"ሜትሩ ምን ሊሆን ነው?"

"ቤቱን ልለካው ነው።"

"ለመቃብሩ?"

"ለምስክርነት።"

"እንግዲያው ጫፉን ልያዝልዎ" አሉ። ይቅርታዬን ተቀበሉ ማለት ይሁን አይሁን አላወቅኩም።

ለምን መለካት? ሌላ የማውቀው ሙያ ስለሌለኝ። ቤት የሠራ ሰው መለኪያውን ቤቱ ውስጥ ትቶ ይሄዳል። ጣሊያን የሚሠራው በሜትር ነው። በሜትር ከተሠራ ቁጥሩ ሙሉ ወይም ግማሽ ይወጣል፦ አራት ሜትር፣ አምስት ሜትር፣ ሁለት ሜትር ተኩል። እንዲያ ከወጣ የጻፍኩት ልክ ነበር፤ አፌን ዘግቼ ቤቴ እገባለሁ። ይህን ለእትዬም ነገርኳቸው። "ከዘጉማ ለሁላችንም እረፍት ነው" አሉ።

ስንለካ ያወራሉ። ቁጥሩን በግራ ገጽ፣ ወሬውን በቀኝ ጻፍኩ። ከቀኙ ገጽ፦

ክፍል 1። የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ባሕር ያደረገው ክረምት፣ ከሜዳው የሸሹ አሥራ አንድ ሰዎች ከሁለት ጥጃ ጋር እዚህ ሰነበቱ። ጥጆቹ ደረጃውን እየሮጡ ወጡ። መውረዱን እምቢ ብለው በገመድ ወረዱ።

ክፍል 2። በደርግ ጊዜ ትርፍ ቤት ነው ተብሎ ሊወሰድ ሲል፣ አቶ ካሳሁን አልጋቸውን ከጓዳ አውጥተው እዚህ ዘረጉ። "የምተኛበት ቤት ትርፍ አይባልም" አሉ። ባልና ሚስት ሁለት ዓመት በገዛ ሆቴላቸው እንግዳ ሆነው ተኙ። ቤቱም ተረፈ።

ክፍል 3። ለሁለት ሳምንት ብላ የመጣች አዋላጅ ስምንት ዓመት ኖረችበት። ምጥ የያዛት ሁሉ ደረጃው ላይ ትጠብቃት ነበር።

ክፍል 4። የእኔ። ከቢቸና ተመድቤ ስመጣ ሐምሌ ነበር፤ አንድ ጫማዬን የወረታ ጭቃ ነጥቆኛል። አቶ ካሳሁን ባዶ እግሬን አይተው ምንም ሳይጠይቁ ሙቅ ውሃ አዘዙልኝ። አንድ ወር ከአሥር ቀን እዚህ ክፍል ኖርኩ። ሰውየው በየቀኑ በፊቴ ያልፋሉ። አንድም ቀን "ይህን ቤት ማን ሠራው?" አላልኳቸውም።

ክፍል 5። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ተኝቶበታል። ሜትሩን በራስጌው ስንዘረጋ አንድ ዓይኑን ከፈተ። "አባባ፣ እኔንም ሊለኩ ነው?" እትዬ ያልጋነሽ፦ "አንተ ትርፍ ነህ፤ እግርህን ሰብስብ።"

ከሰዓት ደብረ ማርቆስ፣ ለመምህር ፈንታ ደወልኩ። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ከልጁ ጋር ነው የሚኖረው።

"ፈንታ፣ ተሳስተናል።"

"የጻፍከው አንተ ነህ።"

"ጠላት ሲባረር ጥሎት የሄደ ነው የምትለዋን የጨመርካት አንተ ነህ።"

"ጽሑፉ እንዲያምር ብዬ ነው።"

"አምሯል። ሴትዮዋን ከቤት እያስወጣቸው ነው።"

"አንተ ውበቱ፣ በዚህ ዕድሜያችን ወጥተን 'አላወቅንም ነበር' እንበል? ያስተማርነው ሁሉ ይስቅብን?"

"ይስቅብን።"

"አንተ ምን አለብህ፣ ሒሳብ ነህ። እኔ እኮ ታሪክ ነው ያስተማርኩት!" ስልኩን ዘጋው።

ረቡዕ፣ የካቲት 8

ትናንት የለካሁትን ዛሬ ሠራሁት። በሜትር አንድም ሙሉ የወጣ የለም። የልስኑን ውፍረት ቀንሼ፣ በሳንቲ ሜትር፦ የክፍል ርዝመት 510፣ ወርድ 408፣ የታችኛው አዳራሽ ወርድ 459፣ ኮሪደር 204፣ መስኮት 102። አንድ ሁለት ቦታ ትንሽ ያፈነግጣል፤ ቤቱም ዕድሜ አለው።

ትልቁን የጋራ አካፋይ ፈለግኩ። ለስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሚሰጥ ሥራ ነው። 51 ወጣ። ሁሉም ያለ ቀሪ ለ51 ይካፈላል፦ 10፣ 8፣ 9፣ 4፣ 2።

ብድግ ብዬ ቆምኩ። ይህ ሜትር አይደለም፤ ክንድ ነው! የራሴን ክንድ ከክርኔ እስከ መሃል ጣቴ ለካሁ። 45። ተቀመጥኩ። የባለቤቴ 41። ወጥቼ የልብስ ሰፊውን፣ የሩዝ መፈልፈያውን ሠራተኛ፣ ሁለት የባጃጅ ነጂዎች ለካሁ። ከ44 እስከ 47። ማን ነው 51 ክንድ ያለው? ይህን ያህል ሰው አስቁሜ እጅ ስለካ ያዩኝ "መምህር ሸሚዝ ሊያሰፋልን ነው" አሉ።

አራት ሰዓት ላይ አቶ ሙላት ዘንድ ሄድኩ። የአጣሪ ኮሚቴው ሰብሳቢ ነው። አስተምሬዋለሁ፤ ሥርዓት ያለው ልጅ ነበር፣ አሁንም ነው። ወረቀቴን በትዕግሥት አየው።

"መምህር፣ ድንቅ ነው። ግን ቁጥር ለኮሚቴ አያወራም። የሚያወራ ሰው ያምጡልኝ።"

"ሰው አምጥተው ነበር እኮ። ሦስት ሽማግሌ።"

"ሽማግሌዎቹ ሰማን ነው ያሉት። የእርስዎ ጽሑፍ ደግሞ ነው ይላል። ሠራሁ የሚል ካለ ያምጡ።"

ልክ ነው። እኔም ብሆን ይህንኑ እል ነበር። ስላበሳጨኝ ግን ደህና ዋል ሳልለው ወጣሁ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቄስ አዲሱን አገኘኋቸው። የደብሩ አገልጋይ ናቸው፤ የሞተውን ሁሉ የሚያውቁ እሳቸው ናቸው። ከፎቁ ግንበኞች የተረፈ አለ ወይ ስላቸው በጣታቸው ቆጠሩ። ሁሉንም ቀብረዋቸዋል። የመጨረሻዋ ጣት ላይ ቆም አሉ። "መንገሻን አልቀበርኩትም። ይፋግ ነው። መንገሻ ረጅሙ።"

"ረጅሙ?"

"በር ሲገባ የሚሰግድ ነው የሚመስል።"

በሚኒባስ ይፋግ ሄድኩ። ምራታቸው ከአጥሩ ወጥታ፣ አባባ የሉም አለች። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ለፍል ውሃ ወንዛዬ ወርደዋል። መቼ ይመለሳሉ? "ቁጥራቸውን፣ ሰባቱን ቀን ሲጨርሱ።"

ነገ ወንዛዬ።

ሐሙስ፣ የካቲት 9

እስከ ወንዛዬ መገንጠያ ሚኒባስ፣ ከዚያ ሩዝ አራግፎ የሚመለስ አይሱዙ ላይ፣ የቀረውን በእግር። ዋልካው፣ ጥቁሩ ጭቃ አፈር፣ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ እግሬ ሁለት ጊዜ ስንጥቅ ውስጥ ገባ።

አያ መንገሻ ከውሃው ወጥተው በጋቢ ተጠቅልለው ተቀምጠው ነበር። ተቀምጠው እንኳ ከቆመው እኔ ብዙ አያንሱም። እንዳላስቸኩላቸው ብዬ ከሰላምታ ጀመርኩ።

"የወረታ መምህር ነኝ፣ አያ።"

"ምነው፣ እኔ ጉልበት ለምኜ መምህር ይላክልኛል?"

ቤቱን አነሳሁባቸው። ፈገግ አሉ። የጻፍኩትን ስነግራቸው ፈገግታው ጠፋ። አጠገባችን የተቀመጡትን በሽተኞች ጠርተው፦ "ኑ ስሙ! ይህ መምህር ጣሊያን አርጎኛል!" ሳቁብኝ። ኀፍረቱ ልጠጣው የመጣሁት ስለሆነ ጠጣሁት። ከዚያ ጋቢውን ከትከሻቸው ገለጥ አድርገው ተረኩ። እንደሰማሁት እጽፋለሁ፦

"ንጉሡ ከስደት ተመልሰው ጥቂት ዓመት ነው። ካሳሁን የእህልና የበሬ ነጋዴ ነበር፤ ፎቅ ላሠራ አለ። ከአለቃችን ጋር ግንቡን በክንድ ተዋዋለ። የአንድ ክንድ ግንብ ዋጋው ይህን ያህል ተባለ። እሽ፣ በማን ክንድ? አለቃችን አጭር ነው፣ የሱ ክንድ ይችን ታህል። ካሳሁን ሞኝ አይዶለም። ግንበኛውን፣ አናጢውን፣ ጭቃ ረጋጩን ሁሉ አሰለፈና ክንዳችንን አስተያየ። የኔ በለጠ። ገና ጢሜ እንኳ በቅጡ አላበቀለ። 'በዚህ ልጅ ክንድ ነው የምዋዋል' አለ። አለቃዬ ሦስት ቀን አላናገረኝም። 'ይህችን ክንድህን ባሳጠርኳት' ይላል ባየኝ ቁጥር። ክንዴን በዋንዛ እንጨት ላይ ቀርጸን በሱ ሠራን። ካሳሁን ማለዳ ማለዳ ይመጣል፣ እንጨቱን ከክንዴ ጋር ያስተያያል። አለቃዬ ከጫፉ እንዳይልጥበት።"

ሜትሬን አወጣሁ። ሽማግሌው ክንዳቸውን እንደ ሳንቃ ዘረጉ። ከክርን እስከ መሃል ጣት፦ 51። በትክክል ለመናገር ግማሽ ጥፍር ይጎድላል፤ ጣታቸው በዕድሜ ጎበጥ ብሏል።

ሠላሳ አራት ዓመት አስተምሬ እንዲህ ያለ መልስ በሰው እጅ ላይ አግኝቼ አላውቅም።

"ነገ ወረታ ይምጡልኝ" አልኳቸው።

"ነገማ ሰባተኛዬ ነው። ቁጥር አይሰበርም።"

"በነጋታው?"

"ከፍል ውሃ የወጣ ሰው ሁለት ቀን ነፋስ አያገኘውም። ሰኞ።"

ለመንኩ። ኮሚቴው ነገ ነው አልኩ። ሴትዮዋ ከቤታቸው ይወጣሉ አልኩ። አያ መንገሻ እያዘኑልኝ እምቢ አሉ። አጠገባቸው የነበሩትም ሁሉ ከእሳቸው ጋር ሆኑ። አንዲት ሴት እንዲያውም ተቆጣችኝ፦ "ቁጥር ታሰብራለህ? የሽማግሌው ጉልበት ባንተ አንገት ይሁን?"

ዓርብ፣ የካቲት 10

ኮሚቴው ፊት ቆምኩ። አምስት ሰዎች ናቸው። እትዬ ያልጋነሽ ነጭ ለብሰው ከኋላዬ ተቀምጠዋል። በመስኮቱ የሚያዳምጥ ሰውም ነበር። የተናገርኩትን አሳጥሬ፦

"ገጽ አራት ላይ ያለው የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። ስጽፈው ማንንም አልጠየቅኩም። አላየሁም፣ አልለካሁም። ስህተት ነው። የዚህ ቤት ግንበኛ በሕይወት አለ።"

ከመስኮቱ በኩል ሳቅ ተሰማ። አንዱ የኮሚቴ አባል፦ "መምህር፣ ያኔ ያላወቁትን አሁን እንዴት አወቁት? ሴትዮዋ ደህና ምሳ ጋብዘውዎት ይሆን?" አለ።

እትዬ ያልጋነሽ ከኋላ፦ "እሳቸውን ምሳ ብጋብዛቸው እንኳ ወጡን በሜትር ይለካሉ።"

ኮሚቴው ራሱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

ግንበኛው የት ነው ተባለ። ወንዛዬ አልኩ። እንደገና ሳቅ። ፋይሉ ሊዘጋ ነው ብዬ ወረቀቴን ሰበሰብኩ። ሙላት ግን አልሳቀም።

"ስንተኛው ነው?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ዛሬ ሰባተኛው። ሁለት ቀን ደግሞ ከነፋስ።"

ሙላት ወደ ጓደኞቹ ዞረ። "እናቴ በየዓመቱ ትወርዳለች። አባቴ የሞተ ጊዜ እንኳ ቁጥሯን ሳትጨርስ እንዳትሰማ ተብሎ ነው የተደበቀባት። ሽማግሌ ከፍል ውሃ አውጥቼ እኔ አልጠራም።" ለሰኞ ተዛወረ።

ከእናቱ የወረሰው ይህ ዕውቀት እኔ ካስተማርኩት ሁሉ በለጠ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 11

ወሬው ገበያ ደርሷል። አዲስ ስም ወጥቶልኛል፦ ሲኞር፣ ጣሊያኖች "አቶ" የሚሉት። ሽንኩርት ልገዛ ስሄድ ከባጃጅ ተራ አንዱ ጮኸ።

"ሲኞር መምህር! ቦንጆርኖ!"

"ቦንጆርኖ! በማባዛት ሠንጠረዥ ስታለቅስ የነበርከው አንተ አይደለህ?"

ባጃጅ ተራው በእሱ ሳቀ። ቤቴ ስገባ ግን ሽንኩርቱን ሳልገዛ መመለሴን አየሁ። ፈንታ የፈራው ይህንን ነው። እውነቱን ለመናገር ይጠዘጥዛል። ይጠዝጥዝ። የተጠዘጠዘ ሰው እንደ እትዬ ያልጋነሽ ከቤቱ አይባረርም።

እሑድ፣ የካቲት 12

ቅዳሴ። እግሬን አሞኛል። ምንም አልሠራሁም።

ሰኞ፣ የካቲት 13

አያ መንገሻ ሦስት ሰዓት ላይ ከይፋግ ደረሱ። ባጃጁ ውስጥ ጉልበታቸው አገጫቸውን እየነካ ነው የመጡት። ኮሚቴው በሙሉ ፎቁ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ከተማውም እንዲሁ።

ሽማግሌው ቤቱን ቀና ብለው ሲያዩት ቆዩ። ከዚያ ከበሩ በስተግራ ያለችውን አንዲት ድንጋይ አሳዩ። "ይህች ሰነፍ ናት። ሦስት ጊዜ ጠርበናት እምቢ ብላ እንዲሁ ገባች።" ሄጄ ዳሰስኳት። እውነትም ጠርዟ ዘምሟል። ይህን ያህል ዓመት ስወጣ ስገባ አላየኋትም።

ክንዳቸውን መስኮቱ ላይ አጋደሙ። አንድ፣ ሁለት። አለቀ። በሩን ከላይኛው መቃን ወደ መሬት፣ እየጎነበሱ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አለቀ። ኮሪደሩን ሙላት ራሱ ቆጠረ። አራት። ድምፁ የክፍል ልጅ ድምፅ ሆነ።

ስለ ምሳው የጠየቀኝ አባል አሁንም አልተወም። ጥሩ ጥያቄ ነበር የጠየቀው፣ ልጽፈው ይገባል። "አባባ፣ ይህ የመስኮት ቅስትስ? ይህ የጣሊያን አይደለም?"

"የጣሊያን ነው" አሉ አያ መንገሻ።

እትዬ ያልጋነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

"ልጅ ሆኜ ድንጋይ አሸክሞኛል። ካምፑንና መጋዘኑን ሲሠራ ቆሜ አየሁ። ቅስት እንዴት እንደሚቆም አየሁ። እኔ ዓይን የለኝም? ሲያሸክመኝ ዝም ብዬ የምሸከም ነው የመሰለው። ከሄደ በኋላ ለካሳሁን ሠራሁለት። ደግሞ የጣሊያኑ መጋዘን የታለ? ዋልካው ላይ እንዲሁ አስቀምጦት በሁለት ክረምት ተሰነጠቀ። እኛ ዋልካውን አልፈን ቢጫው አፈር እስኪመጣ ስድስት ክንድ ቆፈርን። ይህ ቆሟል፤ ያ የለም። እንግዲህ መምህር ይጻፉት።"

ከሕዝቡ ውስጥ አንዲት ሴት እልል አለች።

ኮሚቴው ገብቶ መከረ። አንድ ሰዓት ያህል ቆየ። ሙላት ቃለ ጉባኤውን አነበበ። የግንበኛው ቃል ተቀባይነት አግኝቷል። ነገር ግን በመዝገብ ያለው ጽሑፍ በሦስት ሰው ፊርማ የቆመ ስለሆነ በአንድ ሰው ብቻ አይነሳም። በሕይወት ያሉት ሁለቱም ፈራሚዎች ማረሚያውን እስከ ዓርብ ፈርመው ያቅርቡ፤ ካልቀረበ ጽሑፉ እንዳለ ይጸናል።

ሙላትን ለብቻው ይዤ፣ ይህ ምን ማለት ነው አልኩት።

"መምህር፣ እርስዎ ነዎት ያስተማሩን። ሁለት ያልታወቀ ያለበት ጥያቄ በአንድ እኩልታ አይፈታም።"

ይህን ያስተማርኩት እኔ ስለሆንኩ፣ በገዛ እጄ ነው።

አያ መንገሻን እትዬ ያልጋነሽ ክፍል 4 አስገቧቸው። ሽማግሌው አልጋውን አይተው፦ "ቤቱን በኔ ክንድ ሠርታችሁ አልጋውን በማን ክንድ አሠራችሁት?" አሉ። ሁለት አልጋ ተገጣጠመላቸው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 14

ለፈንታ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ሁለቴ አልተነሳም። ሦስተኛውን ልጁ አነሳች። "አባባ አልተመቸውም" አለች። ከጀርባዋ ሳልህን ሰማሁት፣ ፈንታ። ያ ሳል የመምህራን ክፍሉ ሁሉ የሚያውቀው ሳል ነው።

እንግዲህ ከዚህ በታች ለአንተ ነው የምጽፈው። እነዚህን ገጾች ከደብተሬ ገንጥዬ ነገ ጠዋት በሚነሳው አውቶቡስ እልካለሁ። ስለ አንተ የጻፍኩትን አላጠፋሁም። ስለ ራሴ የጻፍኩትንም አላጠፋሁም። አንብበህ ስትጨርስ ከእኔ እኩል ታውቃለህ።

አንተ ለልጆቹ ስለ ንጉሦችና ስለ ጦርነት ስታስተምር ከግድግዳው ማዶ እሰማህ ነበር። ተማሪህ ሁሉ አፉን ከፍቶ ነው የሚያዳምጥህ። ታዲያ አንድም ቀን ስለ መንገሻ አልነገርካቸውም። እኔም አልነገርኩህም፤ አናውቀውም ነበር። ሁለታችንም ወረታ ሠላሳ ዓመት ኖረን፣ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ሳይርቅ የተቀመጠውን ሰው ትተን የሄደውን ጣሊያን አመሰገንን። ይህ ነው ስህተታችን። ቤቱን ማን ሠራው ብቻ አይደለም።

ሲኞር እያሉኝ ነው። አንተንም ይሉህ ይሆናል፤ ደብረ ማርቆስ ድረስ ግን የሚደርስ አይመስለኝም። ከደረሰም እንካፈለው። ያስተማርነው ሁሉ ይስቅብን። ስቆ ሲያበቃ አንድ ነገር ያውቃል፦ መምህር ሲሳሳት እንዴት እንደሚታረም። ይህን በሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ አላስገባነውም ነበር።

እትዬ ያልጋነሽ ዛሬ ጠዋት ግቢያቸውን ሲጠርጉ አየኋቸው። "መምህር፣ ጓደኛዎ ፈረመ?" አሉኝ። "ገና ነው" አልኩ። "እስኪፈርም ልጥረገው እንጂ፤ ለማንም ይሁን ለማን ቆሻሻ አላስረክብም" አሉ። ይህን ሲሉ አላዩኝም፣ መጥረጊያውን ነው ያዩ የነበረው።

ማረሚያውን አዘጋጅቻለሁ፤ ከገጾቹ ጋር ታገኘዋለህ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ለማሳመር የጨመርኩት ቃል የለም፤ አንተም አትጨምርበት። የእኔ ፊርማ አለበት፤ ከጎኑ ያለው ቦታ የአንተ ነው። ሾፌሩ ረቡዕ ማታ ይደርሳል፤ ሐሙስ ማለዳ ይመለሳል፤ ፋይሉ ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ብትፈርም በሾፌሩ እጅ ላክልኝ። ባትፈርምም አልፈርምም ብለህ በእጅህ ጻፍልኝ፤ ሌላ መንገድ የምፈልግበት አንድ ማታ እንዳላጣ። ዝም አትበለኝ፣ ፈንታ። ሐሙስ መልስህን አውቶቡስ ተራ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ፈጥነህ መልስልኝ።